አባቴ ካርታ ሲበውዙ

አባቴ በጦር ሠራዊት ውስጥ የስፖርት አሠልጣኝ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና አንድ የቆዳ ሻንጣና ቀኝ ጉልበታቸው ውስጥ የቀረ የፈንጂ ፍንጣሪ ይዘው ነፋስ ስልክ ወዳለው ቤታችን ገቡ። ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ተጋድመው ጣራ ሲያዩ ከረሙ። መስከረም ሲጠባ ተነሥተው ግቢውን አስተካከሉ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው ብረት ሰኩበት፣ የሰፈሩን ወጣቶች ማሠልጠን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ሻምበል ይላቸው ነበር፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ አባባ።

የሚያሠለጥኑት በካርታ ነበር። ግቢው አራት ማዕዘን አለው፤ ካርታውም አራት ዓይነት ነው። ልብ የደረሰው አጥሩ ሥር ሄዶ ፑሽ አፕ ይሠራል። ዳይመንድ የደረሰው ሰሌኑ ላይ ተጋድሞ ሲት አፕ። አበባ ከሆነ ቧንቧው አጠገብ ገመድ መዝለል ነው፤ ለገመድ ቁጥሩ በዐሥር ይባዛል። ጦር የደረሰው ደግሞ ባሕር ዛፉ ሥር የአሸዋ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብድግ ይላል። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ይነግረዋል። ሲጨርስ እየሮጠ ተመልሶ ሌላ ካርታ ይቀበላል። ጆከር የደረሰው እስከ ሀና ማርያም ሮጦ ይመለሳል። ካርታው ሳያልቅ የሚያርፍ የለም።

ማታ ማታ ከራት በፊት ካርታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የነገውን ያስባሉ። የእግር ሥራ ሁለቴ ተከታትሎ እንዳይመጣ ይጠነቀቃሉ። ኳስ ተጫዋቾቹ ሲመጡ ፑሽ አፑን በዝላይ ይቀይሩታል። ክር ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ለእነሱ ትልልቆቹን ቁጥሮች ያወጡና ጆንያውን ያስቀሩላቸዋል። «እናንተ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ነው የምትውሉት፤ እግራችሁን አላደክመውም» ይሏቸዋል። ሴቶቹ እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው የታደለ ነው ይሉኝ ነበር።

አባቴ በጉልበታቸው ምክንያት ራሳቸው ሠርተው ማሳየት አይችሉም። የማሳየው እኔ ነበርኩ፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጎናቸው እቆማለሁ፤ እጃቸውንም አያለሁ። ለሌላው ሰው ካርታ የሚሰጡት ከላይ ነው። ለወንድሜ ከሥር ነበር። ትልልቆቹን ጦሮችና አንዱን ጆከር ከሥር ይደብቁለታል።

ወንድሜ አስም ነበረበት። በልጅነቱ ብዙ ሌሊት የእናቴ ደረት ላይ ተደግፎ ነው ያደገው። አባቴ ይህን በሽታ ብለው አያውቁም።

«እናትህ ያሳደገችልህ ስንፍና ነው» ይሉታል በሠልጣኙ ሁሉ ፊት። «እኔ አወጣልሃለሁ።»

አንድ የበጋ ጠዋት አቧራው ግቢውን ሸፍኖት ሳለ ጆከሩን ሰጡት። ሄደ። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ እያፏጨ፣ አጥሩን በእጁ እየደገፈ ተመለሰ። አባቴ ሌላ ካርታ ዘረጉለት፤ ጦር ነበር።

«አባባ፣ አልቻልኩም።»

«ሰበብ አልፈልግም። እኅትህ እንኳ ትሠራዋለች» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አሳዪው።»

ጆንያውን ተሸክሜ ሠራሁ። ኳስ ተጫዋቾቹ ሳቁ። ወንድሜ አጠገቤ ሠርቶ ጨረሰና ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሄዶ አስታወከ። «ይኼ አይቆጠርም፤ ዝቅ አላልክም» አሉትና እንደገና አሠሩት።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። አስሙ አልለቀቀውም፤ ትከሻው ግን ሰፋ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ዝምታው በዛ። ቤት ውስጥ ስንበላ አባቴን ቀና ብሎ አያይም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠልጣኞቹ ተሰብስበው ሳለ፣ «አባባ፣ ዛሬ እኔ ላድል?» አላቸው።

አባቴ ደስ አላቸው። ፊታቸው ላይ አየሁት። ካርታውን አቀበሉት። ወንድሜ ቀስ ብሎ በወዘ፤ እጁ የአባቴን እጅ ይመስል ነበር። ከዚያ አንድ ካርታ አወጣና ለእሳቸው ዘረጋላቸው።

«እንካ፣ ያንተ ነው።»

በቤታችን አባትን አንተ ያለ ሰው አልነበረም።

«ምን አልክ?» አሉት።

«አሠልጣኝ አይደለህ? ሥራ።»

ከፋብሪካ ሴቶቹ አንዷ፣ «ተው አንተ ልጅ፣ አባትህ እኮ ናቸው» አለችው። ዞር ብሎም አላያትም። አባቴ በጥፊ ሊሉት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሠልጣኞቹን ፊት አንድ በአንድ አዩና ካርታውን ተቀበሉ። ጦር ነበር። ጆንያውን የማስቀረት መብት ነበራቸው፤ አላስቀሩትም። ተሸክመው ዝቅ አሉ፣ ተነሡ። እንደገና ዝቅ አሉ። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር።

«ይኼ አይቆጠርም» አለ ወንድሜ። «ዝቅ በል።»

የመጀመሪያውን ጨረሱ። ሁለተኛውን ሰጣቸው፤ ከሥር ነው የሰጣቸው። እሱም ጦር ነበር። ብዙም ሳይሠሩ ጉልበታቸው ውስጥ ደረቅ እንጨት የተሰበረ ዓይነት ድምፅ ተሰማና ጆንያው ላያቸው ላይ ወደቀ። አልጮኹም። ወንድሜ ቁልቁል እያያቸው፣ «ተነሥ። ሰበብ አልፈልግም» አለ።

እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ ጆንያውን ከላያቸው ገፋችው። ሴቶቹ ረድተዋት ወደ ቤት አስገቧቸው። ወንድሜ ካርታውን ሰብስቦ ለኳስ ተጫዋቾቹ ማደል ጀመረ። እነሱም ተቀብለው ሠሩ።

ወጌሻ መጣ፣ ሐኪም ቤትም ተኬደ። ፍንጣሪው ቦታውን ለቆ ጅማት ቆርጧል ተባለ። ያ እግር ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። ወንድሜ የአባቴን ቦታ ያዘ። እንደ እሳቸው ማታ እየተቀመጠ አያስብም፤ ለሁሉም ከባዱን ነው የሚሰጠው። ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ሌሎች ግን እየበዙ መጡ፤ ከለቡ ድረስ የሚመጣ ነበር። አባቴን በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ካርታውን ጭናቸው ላይ ጥሎ፣ «ይበውዙልኝ፣ ሻምበል» ይላቸዋል። አባባ ማለት ትቷል። እሳቸውም ይበውዛሉ።

ትዳር ይዤ ከቤት ልወጣ በነበረበት ሳምንት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወንድሜ አንድ ቀጭን ልጅ ጆንያ አሸክሞ እየጮኸበት ነበር። ልጁ ያለቅሳል።

«አባባ፣ ተው አይሉትም?» አልኳቸው።

የደረቀውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አስተካከሉት። «ለምን?» አሉኝ። «አሁን ገና ሰው ሆነ።»

ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አልነቀሉም። በሕይወታቸው በእኔ እንደዚያ ኮርተው አይቻቸው አላውቅም። ተነሥቼ ገባሁ፤ እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች ነበር፤ ቁጭ ብዬ አገዝኳት።