በሚካኤል ዕለት ጣሪያ ላይ ያዘነበለው ባሕር ዛፍ

«ዛሬ ሚካኤል ነው፤ መጋዝሽን እዚያው አኑሪው።»

እማማ ጥሩነሽ ዛሬ ጠዋት ይህን ያሉኝ ከተሰነጠቀው ባሕር ዛፋቸው አጠገብ ቆመው ነው። ድረሺልኝ ብለው የጠሩኝም እሳቸው ናቸው።

እንደምታውቁት ሥራዬ ዛፍ መግረዝና መቁረጥ ነው። ሌሊት ከጉና ተራራ የወረደው ነፋስ ዛፉን ሰንጥቆ ጣሪያቸው ላይ አዘንብሎታል። ከጣሪያው ሥር ልጃቸው የሳምንት ሕፃን ታቅፋ ተኝታለች።

«እንግዲያው እሷን እናውጣት» አልኳቸው።

«አራስ ልታወጪ? በዚህ ብርድ?»

አራስ አይወጣም፤ በዓል አይሻርም። መንቀሳቀስ የተፈቀደለት ዛፉ ብቻ ነበር፤ እሱም ጀምሯል።

ለነፍስ አባታቸው ደወልን። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ዛፉስ በዓሉን ያከብራል?»

«አያከብርም አባ፤ እየተንጣጣ ነው።»

«እንግዲያው ሥራ አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ነው። ቁረጡት።»

ከሁለቱ ሠራተኞቼ ጋር በገመድ ወጥረን ወደ ደጅ ጣልነው። ጣሪያው አልተጎዳም። ሕፃኑም ከእንቅልፉ አልነቃም።

ግንዱን ልቆራርጥ መጋዜን ሳነሳ እማማ እጄን ያዙኝ።

«ነፍስ ድናለች። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ ነው።»

ስለዚህ ግንዱ እስከ ነገ መግቢያውን ዘግቶ ይቆያል። አራስ ጠያቂው ሁሉ በላዩ እየተሻገረ ሲገባ ዋለ። ቄሱም መጥተው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተሻገሩት።

በእናንተ አካባቢ በበዓል ቀን ሥራ የማይባለው ሥራ የቱ ነው? የሚቀጥለው ወር ሚካኤል ሳይደርስ ንገሩኝ።