ኮሎኔሉ አፋቸውን ሲከፍቱ

ተማሪ ሳለሁ «መሬት ላራሹ» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩት ሰውዬ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቶሮንቶ ውስጥ የባላባት ሸሚዝ ቆላፊ ሆኜ አረፍኩት። ባላባቱ ስኮትላንዳዊ ናቸው። በአገራቸው ሰፊ መሬት፣ ብዙ በግና ጭሰኛ ነበራቸው፤ በጉልምስናቸውም የእንግሊዝ ንጉሥ መድፈኛ ጦር አዛዥ፣ ኮሎኔል ነበሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው መሬቱን ለወንድ ልጃቸው አስረክበው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ የምትኖር ሴት ልጃቸው ዘንድ መጡ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከክሬሰንት ታውን ሰፈር እሄድና ልጅቱ ከሥራ እስክትመለስ አብሬያቸው እውላለሁ።

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ፊውዳል ቤቢሲት ታደርግ ጀመርክ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ፊውዳሉን ግን ወደድኳቸው። እኔም በድሮው የኢትዮጵያ ጦር የመድፈኛ መቶ አለቃ እንደነበርኩ የሰሙ ዕለት ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «መቶ አለቃ፣ ሻዩ ቀጥኗል!» ይላሉ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ የእኔም ግራ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ስንሄድ አንዱ በቀኝ ጆሮው ሌላውን ለመስማት በስተግራ ለመሆን እንሻማለን። ደስ የሚል ሥራ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ልጅቱ ኩሽና ጠራችኝና «አባቴ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። በር ሲላተም ወይም የቆሻሻ መኪና ሲያጓራ አፋቸውን ከፍተው ፍዝዝ ይላሉ። ብቻቸውን ለመተው ስለፈራች የአረጋውያን መጦሪያ አይታላቸዋለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልታስገባቸው ነው።

«አንተ አይተህባቸው ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። እውነቴን ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ መፍራቴ አልቀረም፤ የባሰው ግን እሳቸው እዚያ ሄደው ማንን «መቶ አለቃ» ይላሉ?

ቅዳሜ የአውሮፕላን ትርኢት ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ደስ ይበላቸው ስላለች ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ወረድን። እኔና ኮሎኔሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ከፊታችን ቆማ አይስክሬም እያቀበለችን ሳለ፣ የጦር ጄቶቹ ድንገት ከጀርባችን መጥተው በአናታችን ላይ አለፉ። ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አባቷ አፋቸውን ከፍተዋል። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የእኔም አፍ ወለል ብሏል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች በድንጋጤ።

«ምን እንሆናለን?» ተቆጡ ኮሎኔሉ። «መድፍ ሲተኮስ አፉን የዘጋ ጆሮውን ያጣል! ምልምል ወታደር ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንኑ ነበር።»

«እኛንም መጀመሪያ ያስተማሩን እሱኑ ነው» አልኩ። ለካ ቤት ውስጥ ያላየሁባቸው እኔም አብሬ ስለምከፍት ኖሯል! እሷ ደግሞ በልጅነቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገች መድፍ አጠገብ ቆማ አታውቅም።

«ታዲያ የሁለታችሁም ግራ ጆሮ ምን ነካው?»

ኮሎኔሉ አይስክሬማቸውን ላስ አደረጉ። «አንዳንዴ ይረሳል» አሉ።

ልጅቱ እየሳቀች አለቀሰች። ሰኞን እንኳ አልጠበቀችም፤ ማታውኑ መጦሪያው ዘንድ ደውላ «ይቅር» አለቻቸው። እኔም ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

በዓመቱ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበርን። ጄቶቹ ገና ከሩቅ ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ ልጅቱ መሀላችን ገብታ ተቀመጠችና ከሁለታችንም ቀድማ አፏን ከፈተች።