በኮባ የተጠቀለለው ጀልባ

የአጎቴ ጀልባ ከሻላ ሐይቅ ተመልሶ ዲላ ዳር ባለው ግቢው ውስጥ ሲራገፍ እኔ አልነበርኩም። ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ለሥራቸው ወስደውት ነበር። ሲጨርሱ አባያ ሐይቅ፣ መደበኛ ቦታው ሊመልሱት አስበው፣ የሐይቁ መንገድ በዝናብ ስለተበላሸባቸው በአይሱዙ ጭነው ቤቱ ድረስ አመጡለት። አመስግነው ሄዱ። ጀልባው በእንሰትና በቡና መሃል ተቀምጦ ቀረ።

አጎቴ ቡና አለው፤ የሚኖረውም በቡናው ነው። በገበያ ቀን ግን አባያ ላይ ሰውና ሙዝ ያሻግራል። ሰፈሩ ውስጥ ቤቱን ለመጠየቅ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ «ጀልባ ያለው ሰውዬ» ካሉ ማንም ያሳያል። በዚያ ሳምንት ይህ ሁሉ አደጋ ላይ ነበር። ባለፈው የጀልባ ደህንነት ምርመራ ጊዜ መርማሪው ወለሉን በተረከዙ ረግጦ፣ «በሚቀጥለው እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ሰው አትጭንም» ብሎት ነበር። የሚቀጥለው ደግሞ ደርሶ ነበር። እኔን የጠራኝም ለዚህ ነው፤ የማስተምረው ኬሚስትሪ ስለሆነ እድፍ ሁሉ የሚታዘዘኝ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ ጀልባው አይታይም። የሚታየው በሸራ የተሸፈነና በገመድ የታሰረ ጉብታ ነው። አጎቴ ጀልባውን የተቀበለው እኛ አካባቢ ሰው መጠበቅ ያለበትን ነገር በሚቀበልበት መንገድ ነበር፤ ኮባ ቆርጦ አለበሰው። ጌዴኦ ውስጥ የእንሰት ቅጠል የማይገባበት ነገር የለም። ቆጮ የሚቀበረው በእሱ ተጠቅልሎ ነው፤ ቅቤ ገበያ የሚወጣው በእሱ ነው፤ ድንገት ሲዘንብ ራስ ላይ የሚደፋው እሱ ነው። አጎቴም ጣውላው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ወለሉንና መቀመጫዎቹን ድርብርብ ኮባ አልብሶ፣ ከላይ ሸራ ወጥሮበታል።

«መጣሽ ቲቸር?» አለኝ። «ሳሙናውን አዘጋጅቻለሁ። እናብረቅርቀው። መርማሪው ሲያየው መርገጡን ይርሳ።»

ሸራውን ስናነሳ ሞቅ ያለ እርጥብ ሽታ ወጣ። ኮባው ጠቁሮ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። የአጎቴ ሚስት ጓሮ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጀልባ ነው ቆጮ?»

«ሥራሽን ሥሪ አንቺ።»

«ኧረ ምን አልኩ! ደርሶ ከሆነ ቢላ ላምጣ ብዬ ነው እንጂ።»

አጎቴ የሳሙናውን ውሃ አንስቶ ሊደፋ ሲል ከለከልኩት። የሻላ ጨዋማ ውሃ የነካው ጀልባ መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚጸዳው። ውሃ ከቀደመ ጨውን አሟሙቶ ወደ ስንጥቅና ወደ ብሎን ቀዳዳ ያወርደዋል፤ የታጠበ ይመስላል እንጂ ጨው ቦታ ቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ሁሉ አወጣን፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን፣ ገመዱን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን፣ የስፖንጅ መቀመጫዎቹን። ከዚያ በቃጫ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግን። ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ነበር። ኮባው የነካቸው ቦታዎች ላይ ግን ነጩ ነገር ርሶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የሻላ ውሃ እንደ ባሕር ውሃ ጨው ብቻ አይደለም፤ ሶዳም አለበት።

«ደርቆ ነው የመጣው» አለ አጎቴ። «ምን አረጠበው?»

አስረዳሁት። ክረምት ላይ የጠረጴዛ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል፤ ማንም ውሃ ሳይጨምርበት ከአየሩ እርጥበት ስቦ ነው። ጀልባው ውስጥ የቀረውም እንዲሁ ይስባል። የእኛ አገር አየር ደግሞ የሚሰጠው አያጣም። በዚያ ላይ እርጥብ ኮባ ከተደረበ መውጫ የለውም።

«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች የአጎቴ ሚስት።

«ይመጣል።»

«ለእሱ አውጪለት። ያለበስኩት እኔ አይደለሁ!»

ከዚህ በኋላ አቼቶ በብዙ ውሃ አቅጥኜ በጨርቅ ነካ ነካ አደረግኩበት። ነጩ ነገር ችስስ እያለ አረፋ አወጣ። ክፍል ውስጥ ይህንን ለማሳየት ስንት ጊዜ የሚሠራ ነገር አጥቼ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አልፌዋለሁ። አጎቴ ጨርቁን ተቀብሎኝ፣ «ሰማሽው? ያጉረመርማል!» እያለ ማዕዘን ለማዕዘን ዞረበት። አረፋው ሲያበቃ ከጣራ ከወረደው የበርሜል ዝናብ ውሃ እየቀዳን አለቀለቅን፣ በስፖንጅ መጠጥን፣ እንደገና አለቀለቅን። ውሃውን ጀልባው ውስጥ ማቆም አይገባም፤ ሶዳውን ይዞ መውጣት አለበት።

መቀመጫዎቹ አስቸገሩ። ስፖንጁ ውስጥ የገባው ጨው በእግር እየተረገጠ በተደጋጋሚ ታጥቦ ወጣ። ሌዘሩ ላይ የቀረው የኮባ ቡናማ እድፍ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደማይለቅ ነገርኩት። አጎቴ መቀመጫዎቹን ተሸክሞ የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ሊያሰጣቸው ሲሄድ ሚስቱ ቀድማ ደረሰች።

«እዚህ? ቡናዬ ላይ?»

«ገና ቡና የለበትም እኮ!»

«ሽታውን አልጋው ይይዘዋል፣ ቡናው ከአልጋው ይወስደዋል። በኋላ ቀማሹ 'ሴትዮ፣ ቡናሽ ጀልባ ጀልባ ይላል' ቢለኝ ምን ልመልስ ነው?»

መቀመጫዎቹ አጥር ላይ ተሰጡ።

መጥራቱን ለማወቅ የመጨረሻውን እጣቢ ጥቁር የባልዲ ክዳን ላይ ጠብ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ከተወ ጨው አለ፤ ካልተወ የለም። አልተወም። የአጎቴ ፊት በራ። ሥራው ያለቀ መስሎት ነበር።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ የወለሉን ጣውላ ፈታን። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር አንዳንዱን በጉጠት ሰበርነው። ከላይ ደህና የሚመስለው ጣውላ ከሥሩ ጠቁሯል። ጣውላውን ከሚሸከሙት አግዳሚዎች አንዱን፣ ወደ ኋላ ያለውን፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴ ገባ። መበስበሱ ቀደም ብሎ ሳይጀምር አልቀረም፤ ሶዳውና ታፍኖ የከረመው እርጥበት ግን አፋጥነውታል። ይህንንም ነገርኩት። አጎቴ የራሱን ጣት ከጎኑ ከተተ፣ አወጣ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ቀለም ይሸፍነዋል» አለ።

«ቀለም አይሸከምም፣ አጎቴ።»

«ከላዩ ሌላ ጣውላ እመታለሁ። ሁለት ገበያ ብቻ ልሥራበት፤ ከዚያ እቀይረዋለሁ።»

አዲስ ጣውላ የበሰበሰ አግዳሚ ላይ ቢመታ ብሎኑ የሚይዘው እንጨት እንደማያገኝ፣ ሰው ሁሉ አንድ ጎን ሲቆም ወለሉ እንደሚንሸራተት፣ ሰው የሚወድቀውም ያን ጊዜ እንደሆነ በመሬት ላይ እየሣልኩ አሳየሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ጎበዝ አስተማሪ እንደሆንኩ ነገረኝ። ቀለሙን ነገ እንደሚገዛም ነገረኝ።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ጎመን እየቀነጠሰች ሰምታለች። ጀልባው ከቤቷ ቢርቅ እንደማትጠላ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ትስቅበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም።

«ከሐይቁ ማዶ እህቴ ጋ ስሄድ ኋላ ነው የምታስቀምጠኝ» አለችው። «እዚያችው ላይ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ጥሩ» ብላ ጎመኗን ይዛ ገባች።

መርማሪው የመጣው ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ እኔም ሄድኩ። ጀልባው ቀለም አልተቀባም። ወለሉ እንደተፈታ አጥሩ ሥር ተደግፏል። መርማሪው ቆሞ የሚረግጠው ፈለገ።

«ወለሉስ?»

«ወለሉ አይሆንም» አለው አጎቴ። «ያኛው አግዳሚም በስብሷል። ጣትህን ክተትበት።»

መርማሪው ከተተ። «ታዲያ ምን ልመረምር ጠራኸኝ?»

«ልቀባው ነበር። ባለቤቴና ይህች ቲቸር አላስተኛ አሉኝ።»

ሰውየው ሳቀ፤ ውሳኔው ግን አልለዘበም። አግዳሚውና ወለሉ ተቀይሮ ዳግመኛ እስኪያየው ድረስ ጀልባው ሰው አይጭንም። አጎቴ እሺ አለ። ከግቢው አንድ ዋንዛ አስቆርጦ አሰነጠቀ። እርጥብ እንጨት ወዲያው ቢመታ ሲደርቅ እንደሚጣመም ያኔም አስረዳሁ፤ በዚህ አልተከራከረኝም። ጣውላው ጥላ ሥር በመሃሉ አየር እንዲገባ ተደርድሮ ሲደርቅ የቡና ለቀማው መጥቶ አለፈ። ጀልባው በዚያ ሁሉ ጊዜ ክፍቱን ተቀመጠ፤ ሲዘንብ ብቻ ከፍ ብሎ በተወጠረ ሸራ ይሸፈን ነበር። የሙዝ ነጋዴዎቹ ሌላ ጀልባ ለመዱ።

ወደ አባያ ሲመለስ ምርመራውን አለፈ። በመጀመሪያው ገበያ ቀን አብሬው ወርጄ ነበር። ብዙ ሰው ዳር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው በዚህ መሃል የለመደውን ሌላ ጀልባ ነው። አጎቴ ማንንም አልጠራም። ቆይተው ሁለት ሴቶች አንዲት ፍየል እየጎተቱ መጡ። ፍየሏ አዲሱን ወለል አሽትታ፣ ትንሽ አመንትታ ገባች፤ ከኋላ በኩል ሄዳ ተኛች።