ለጋሽ ቶም ያዘገየነው መርዶ

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወዳጄ ደወለና፣ «የከበደ እናት አርፈዋል። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን እንነግረዋለን፤ እስከዚያ ዝም በል» አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ጋሽ ቶም ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ጋሽ ቶም ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ አሜሪካዊ ነበሩ፤ «ጋሽ» ያልናቸው እኛ ነን። በወጣትነታቸው የሰርጓጅ መርከብ ባሕረኛ ነበሩ። እሳቸውና ጓደኛቸው ጆ ታመው የብስ ላይ በቀሩበት ጊዜ መርከቧ ወጥታ አልተመለሰችም። ጓዶቻቸው በሙሉ እዚያው ቀሩ።

ሐሙስ ሐሙስ እሳቸውን ከኖርዝ ሆሊውድ፣ ያን ጓደኛቸውን ጆን ከሳንታ ሞኒካ አምጥቼ ፌርፋክስ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የሐበሻ ምግብ ቤት አደርሳለሁ። ሽሮ በአንድ ትሪ ይበላሉ። ጆ ቃሪያውን እየለቀመ ወደ ጋሽ ቶም ይገፋል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን ትቼ ወሬያቸውን እሰማለሁ።

«መርከቧ መስጠሟን ባሕር ኃይሉ ለቤተሰብ የነገረው ከወራት በኋላ ነው» አሉኝ ጋሽ ቶም አንዴ። «የጓዳችን የቻርሊ እናት ለሞተ ልጇ ሹራብ ስትሠራ ከረመች። ይኼን ይቅር አልልም።» እሳቸውና ጆ እንደ ባሕረኛ ወግ ቃል ተገባብተው ነበር፤ ቀድሞ ለሞተው በሕይወት የቀረው በስንብቱ ላይ ደወል ሊደውልለት።

ሰኔ ላይ፣ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ በዋለበት ሐሙስ፣ ላመጣው ስሄድ ጆ ቤቱ አልነበረም። ጋሽ ቶም እጃቸውን ሲታጠቡ የጆ ልጅ ምግብ ቤቱ ደወለች። አባቷ ባለፈው ዓርብ ሞቷል፤ አስከሬኑም ተቃጥሏል። አመዱን ነገ ጠዋት በጀልባ ባሕር ላይ ይበትናሉ፤ ጋሽ ቶም ግን ስልክ አያነሱላትም።

«አሁኑኑ ልንገራቸው?» አልኩ።

«እንዴ! ብቻቸውን ለሚያድሩ ሽማግሌ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ነውር አይደለም እንዴ? ንጋት ላይ ሰው ይዘን እንሄዳለን፤ ለባሕሩም ይደርሳሉ።»

እውነት መሰለኝ። እኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው።

«ጆ የት ቀረ?» አሉ ጋሽ ቶም።

«ትንሽ አሞት ነው» አልኩ።

«እንግዲያው የሱን ድርሻ ቴክ አውት አድርጉልኝ» ብለው ሽሮውን በፓኮ ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ አራት ሆነን ልንሄድ አንዱን ስንጠብቅ ረፈደ። ጋሽ ቶም በሩን ሲከፍቱ እኔን አይተው ፈገግ አሉ። «ጥሩ መጣህ! ይኼን ለጆ እናድርስለት» ብለው ፓኮውን ከፍሪጅ አወጡ። እዚያው ቆመን ነገርናቸው። ፍሪዌዩ ደግሞ ተዘጋግቶ ጠበቀን። ወደቡ ስንደርስ ጀልባዋ የለችም። ደወሉን ሌላ ሰው ደውሎት ይሆናል፤ እኛ የሰማነው ነገር የለም።

ጋሽ ቶም ፓኮውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ከመኪናው አልወረዱም።

«ትናንት ስበላ ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አልኩ።

«እኔም ሹራብ ስሠራ ነው ያደርኩት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ፌርፋክስ አልመጡም። ስደውል አያነሱም፤ ብሄድ አይከፍቱም። ይቅርታ እንኳ ሳልላቸው ሞቱ። ያልነገርኳቸው እንባቸውን ፈርቼ እንጂ ለእሳቸው አዝኜ እንዳልነበር ዛሬ ይገባኛል።

ወዳጄና ቅዳሜ ሊሰበሰቡ ያሉት ይቀየሙኝ። የከበደ እናት ቀብር ዓርብ ነው፤ ዛሬ ከተነሳ ይደርሳል። መኪናዬን ሥራ ቦታው በር ላይ ፓርክ አድርጌያለሁ፤ ለምሳ ሲወጣ እነግረዋለሁ።