የሞተሩ ሶኬት
ለልጄ የገዛሁላት የሪሞት መኪና ባትሪ ሞተ። አዲስ ባስመጣም ሶኬቱ ከሞተሩ ሶኬት ጋር አልገጥም አለኝ። የኛን፣ የኬንያውን ሞያሌ ሱቅ በሱቅ ዞርኩ፣ ኢትዮጵያ በኩልም ተሻገርኩ፤ ሁሉም የለም አለኝ። ሲጨንቀኝ የሞተሩን ሶኬት ቆርጬ፣ ናይሮቢ ለሚመላለሰው የሎሪ ሹፌር ለአብዲ ለናሙና ሰጠሁት። «እዚህ ላይ የሚሰካውን አምጣልኝ፣ ባትሪው ላይ እቀጥለዋለሁ» አልኩት።

ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ልጄ መጠየቅም ተወች፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ትናንት አብዲ ፈገግ ብሎ መጣና አዲሱን ሶኬት መዳፌ ላይ አኖረው።

«በናሙናው እንሞክረዋ፤ መልሼ ሞተሩ ላይ የምቀጥለውም እሱን ነው። የታለ?» አልኩት።

«የቱ፣ አሮጌው?» አለኝ። «ማማ፣ እኛ ሹፌሮች አዲስ ዕቃ ከተገኘ አሮጌውን እዚያው ነው የምንጥለው።»