ለአባቴ የመረጥኩት ጫማ

አባቴ ለድንኳን ጥበቃ የሚያደርጉትን ጫማ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው መርጦት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ስረግመው እኖር ነበር። ራስን መርገም ግን ምን ያደርጋል፣ አይወጣልህ!

በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ታች ጋይንት። መንገድ ቀያሾች መጥተው ከአርብ ገበያ በታች ካለው ሜዳ ላይ ድንኳናቸውን ተከሉ። እኔ ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት ገብቻለሁ። ለምን ፈታሽ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ "ምን አገባህ!" ምላሴ ስለት ነበር፣ አልዋሽም። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤት ውስጥ ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። የምጮኸው እኔ፣ የሚሰሙት እሳቸው።

በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ። በአንድ በሬ የቀረ ገበሬ ወይ የሚያቀናጀው ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ዳር ቆሞ ያያል። አባቴ ዳር ቆሞ ማየትን ከሞት አብልጠው ይፈሩ ነበር። ቀያሾቹ የቀን ዘበኛ ይፈልጋሉ ሲባል ገና ወሬው ሳይበርድ ሄዱ። ክረምቱ እስኪገባ ከሠሩ ሁለተኛውን በሬ ይገዛሉ፣ የማረሻቸውን እርፍ በእጃቸው ይጨብጣሉ። ሐሳቡ ይኸው ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

የካምፑ አለቃ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ነው። አባቴን ከላይ እስከ ታች አያቸውና እግራቸው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ከሳቸው በፊት የነበረውን ዘበኛ የድንኳን ካስማ እግሩን ሰንጥቆት ነበር አሉ። "አባት፣ በባዶ እግር እዚህ ግቢ መዞር የለም። ካስማው አለ፣ የቆርቆሮ ስባሪው አለ። ሰኞ ጫማ አድርገው ይምጡ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አላቸው።

አባቴ በዕድሜያቸው ጫማ አድርገው አያውቁም። ማታ ራት ላይ፣ "አንቺ፣ እስቲ የሚመች ነገር ፈልጊልኝ" አሉኝ። "ቀኑን ሙሉ የምቆምበት፣ የምዞርበት ነው። የሚመች ይሁን እንጂ መልኩ እንደፈለገ ይሁን።" እንዲህ ነው ያሉኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ጫማ የሚገዛለት ሰው ራሱ ገበያ አይወርድም፤ እግሩ በስንደዶ ሣር ተለክቶ ልኩ ይሄዳል። አርብ ጠዋት አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉልኝ። ከተረከዛቸው እስከ አውራ ጣታቸው ለካሁ፣ ትርፉን ቆረጥኩ፣ ስንደዶዋን ሻሼ ውስጥ ሻጥ አድርጌ የምሸጠውን ቅቤ በቅል አንጠልጥዬ ወረድኩ።

ከገበያው ዳር አንድ ቆዳ ሠሪ ነበር። ከመኪና ጎማ በረባሶ እየቆረጠ ይሸጣል። አገሩ ሁሉ የእጁን ሥራ ይገዛል፣ ከእጁ ውሃ የሚቀበለው ግን አንድም ሰው የለም። ፋቂ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ስንደዶዬን አውጥቼ ሳይ አየኝና፣ "ለማን ነው፣ እመቤቴ?" አለኝ። ለድንኳን ጠባቂ፣ ለአባቴ መሆኑን ነገርኩት። ሰፋ ያለ በረባሶ አንስቶ፣ "እንግዲያው ይህ ነው። ጭቃ ቢይዘው በውሃ ይታጠባል፣ ቶሎ ይጠለቃል፣ ቶሎ ይወልቃል። ግን ስንደዶዋ የነገረችሽ ርዝመቱን ብቻ ነው፤ ጫማ ያላየ እግር ወደ ጎን ነው የሚሰፋው። አባትሽን አምጪያቸውና ቆመው ልለካቸው" አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? "አባቴን አንተ እግር ስር ላመጣቸው? ደግሞ ይህን የጎማ ቁራጭ! ሂድ እዚያ!" አልኩታ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጎማውን መቁረጥ ቀጠለ።

እውነቱን ልናገር። በሬው የሞተ ሰሞን ጎረቤቶቻችን ከንፈር እየመጠጡ በውስጣቸው ይስቁብን ነበር። አሁን ደግሞ ሰውየው ዘበኛ ሆነ ሊባል ነው። ስለዚህ የሚመች ጫማ አልነበረም የፈለግኩት፤ አፍ የሚያዘጋ ነበር። ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ነጋዴ ጥቁር የቆዳ ጫማ ደርድሯል፣ ባለ ማሰሪያ፣ ፊት የሚያሳይ። ስንደዶዋን አንዱ ውስጥ ብከታት ልክክ አለች። "ለእሳቸው የተሰፋ ነው የሚመስለው" አለ ነጋዴው። እሰይ አልኩ።

አባቴ ሲያጠልቁት ፊታቸው ትንሽ ጨፍገግ አለ። "እንዴት ነው?" አልኳቸው። "ደህና ነው፣ ልጄ።" "ሲያደርጉት ይለጠጣል፤ ቆዳ ነው" አልኩ፣ ጫማ አዋቂ ይመስል። እሑድ ይዘውት ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። ሲመለሱ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ነው። ይህ ምንም አላስገረመኝም፤ ያኔ ጫማ ያለው ሰው ሁሉ መንገዱን በባዶ እግሩ ሄዶ፣ ሰው ካለበት ሲደርስ ነው የሚያጠልቀው። ቆጥበውልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሰኞ ሥራ ገቡ። ምሳቸውን በየቀኑ እኔ ነኝ የማደርስላቸው። መጀመሪያ ሳምንት ከድንኳን ድንኳን ይዞሩ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። "ምን ሆነው ነው?" ስል፣ "ቁርጥማት ነው" አሉ። ማታ ከቅሉ ቅቤ ሰርቀው እግራቸውን ሲቀቡ ደረስኩባቸው። ወይ አንቺ ክፉ ሴት! ምን ሆኑ ብዬ ጎንበስ ማለት ሲገባኝ፣ "ቅቤውን ይልቅ ጫማውን ይቀቡበት፣ እዚያ ካምፕ ያበላሹትን!" ብዬ ጮኽኩባቸው። እግራቸውን ጋቢያቸው ስር ከተቱ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሳይ አልተቀቡም።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ምሳ ይዤ ስደርስ የጭነት በቅሎዎቹ በርግገው በድንኳኖቹ መሐል ይጋልባሉ። አባቴ ተነሡ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ቆሙ። በዱላቸው ወደ አየር እየመቱ "ኧረ ያዙ! ያዙ!" ይላሉ፣ እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ። በቅሎዎቹ ባለ ሦስት እግሩን የመቀየሻ መነጽር ገለበጡት፣ ረገጡት። አለቃው እየሮጠ መጣ፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። "አባት፣ ቆመው ያያሉ እንዴ?"

አባቴ መሬት መሬት አዩ። አለቃው ያኔ ወደ እግራቸው ተመለከተ። ከማሰሪያው ስር ፈሳሽ ወጥቷል። አስቀምጧቸው ሊያወልቀው ቢሞክር እምቢ አለ፤ በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ ጫማውን በቢላዋ ቀደደው። ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። ትንሿና አጠገቧ ያለችው ጣት ጠቁረዋል። "ይህን ያህል ሲጠብዎት ለምን አልተናገሩም?" አለ አለቃው። አባቴ ወደ እኔ አየት አደረጉና፣ "ኧረ ይመቸኝ ነበር" አሉ። ጫማው ለሁለት ተቀድዶ አጠገባቸው ወድቋል፣ እሳቸው ይመቸኝ ነበር ይላሉ።

ደብረ ታቦር ወስደናቸው ሐኪም ሁለቱን ጣቶች ቆረጠ። ቁስሉ እስኪደርቅ ካምፑ ሌላ ዘበኛ ቀጠረ፤ ማን ይፈርድበታል? በሬ ሳይገዛ ክረምት ገባ። መሬታችንን ለእኩል አራሽ ሰጠን፣ የቀረውን በሬያችንን ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ገባበት። አባቴ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። አራሹ ጥማዱን በዞረ ቁጥር እሳቸውም እጃቸውን ባዶ አየር ላይ ጨበጥ ያደርጋሉ።

ብዙ ቀን ሳብሰለስለው የኖርኩት አንድ ቀን እዚያው ማሳው ዳር ገንፍሎ ወጣ። "አባዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

ዓይናቸውን ከጥማዱ አልነሡም።

"ጠበበኝ ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! ወስጄ እለውጠው አልነበረም ወይ? ለምን ዝም ይሉኛል!" ድምፄ ሳላውቀው አገር አናወጠ። አራሹ በሬዎቹን አቁሞ ዞረ።

አባቴ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀበር አደረጉ፣ ሊመታ የተነሣ ሰው ፊት እንደሚደረገው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አራሹ እንዳይሰማ፣ "አየሽ፣ እንዲህ ስለምትሆኚ ነው" አሉኝ። "ፈርቼሽ ነው፣ ልጄ።"