የወንድሜ ግራ እጅ

ታላቅ ወንድሜ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፒያኖ ተጫውቷል። አርባውን ያሳለፈው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሰው ሾርባውን እየጠጣ፣ ሹካውን እያንቃጨለ፣ ጀርባውን ሰጥቶት። እሱ አንድም ቀን አላማረረም። የማማርረው እኔ ነኝ።

በስልሳ ስምንት ዓመቱ ስትሮክ መታው። ከግራ እጁ ሁለቱ ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበት ጣቱ፣ እምቢ አሉ። ሐኪሙ "ዕድለኛ ነዎት" አለው። ዕድለኛ! አሁን ይሄ ለፒያኖ ተጫዋች ይባላል?

ሶፋዬን አውጥቼ ፒያኖውን ሳሎኔ አስገባሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ልብስ ስሰፋ እሱ የድሮዎቹን የጃዝ ዜማዎችና ብሉዞቹን እንደ አዲስ ተማራቸው። ሁለቱ ጣቶች ይመቱት የነበረውን ቦታ ባዶ ተወው። መጀመሪያ ጎደሎ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን እዚያ ቦታ ሲደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ የስፌት መኪናዬን ያቆም ጀመር።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምነው ዝም አልክ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ድሮ እዚህ ጋ ብዙ እለፈልፍ ነበር" አለኝ።

በሰባ ዓመቱ እነዚያን ዜማዎች ስቱዲዮ ገብቶ ቀዳቸው። የመጀመሪያ አልበሙ ነው። ምኞቱም አንድ ብቻ ነበር፦ ከበሽታው ወዲህ የደረሰበትን አጨዋወት ሰው እንዲሰማለት።

ሲዲው ታትሞ ሱቅ ከገባ በኋላ አንዱን ላኩልን። አብረን ቁጭ ብለን ከፈትነው። ያ ቦታ ደረሰ። ምን ባዶ አለ! በጥድፊያ የሚሮጥ ግራ እጅ ሞልቶታል።

ወዲያው ባለስቱዲዮው ጋ ደወልኩ። ኮራ ብሎ "የጎደለውን ድሮ ሆቴል ሲጫወቱ ከተቀዳ ቴፕ ቆርጠን ሞላንላቸው፤ ማንም አይለየውም" አይለኝም? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

"ማን ጎደለ አለህ? የጎደልከው አንተ!" ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀምኩበት።

ዞር ስል ወንድሜ አሁንም እያዳመጠ ነው።

"ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው" አለ። "ገና አርባም አልሞላው። ዘፈኑን ግን አላወቀውም።"

በንዴት አለቀስኩ። እሱ እንዲህ ተረጋግቶ መናገሩ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

የአልበሙ ምርቃት እሁድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንድሜ አዲሱን ልብሱን ለብሶ ወጣና እንደ ሳሎናችን፣ በራሱ መንገድ ተጫወተ። ሦስተኛው ብሉዝ ላይ ያ ቦታ ደረሰና ዝም አለ። ይሄኔ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ "ምስኪን፣ ጠፋባቸው። አልበሙ ላይ እኮ እንዴት ነበሩ!" አላት።

ደሜ ፈላ። ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ።

"አልበሙ ላይ ያለው እሱ አይደለም! እሱ ይሄ ነው! ጆሮ ካለህ ስማ!" ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰውዬው አቀረቀረ። እኔም ደግ አደረግኩ ብዬ ወደ መድረኩ አየሁ። ወንድሜ እጆቹን ከፒያኖው ላይ አንስቷል። ሐኪም ፊት ያላየሁበትን፣ ያን ሲዲ የሰማን ቀንም ያላየሁበትን ቁጣ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አየሁት።

"እህቴ" አለኝ፣ "አንቺም ሞላሽብኝ?"

ቁጭ አልኩ። እሱም ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው።